«ልጄ ሴይሊንግ ቲም ልግባ አለኝ፤ ምን ልበለው?» እምቢ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ዛሬ የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያላችሁም ግን አትለፉት። ውጭ አገር እህት ወይም ወንድም የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተንም የሚመለከት ነገር አለ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ልጃችሁ ሃይስኩል ገብቷል። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ይመጣና «እማዬ፣ ሴይሊንግ ቲም ልገባ ነው፤ ፈርሚልኝ» ይላል። እናት መጀመሪያ ጀልባ መቅዘፍ ይመስላታል። ሲያስረዳት ግን ሞተርም መቅዘፊያም የሌለው፣ በሸራና በነፋስ ብቻ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ወንዝ ወይም ሐይቅ መሀል መወዳደር መሆኑ ይገባታል። መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ «ውሃ ላይ? አይሆንም! አርፈህ ኳስህን ተጫወት።»

እንደ ሐኪም አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። «አይሆንም» የሚለው መልሳችሁ ልጁን ከውሃ አያድነውም። የሚያድነው መዋኘት መቻሉ፣ ላይፍ ጃኬት መልበሱና ስለ ጤናው እውነቱ መነገሩ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር «እሺ፣ ግን በቅደም ተከተል» የሚል ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

ፍርሃታችን ምክንያት አለው

ወላጆችን «ፈሪዎች ናችሁ» ልል አልመጣሁም። አብዛኞቻችን ያደግነው «ወንዝ እንዳትወርድ» እየተባልን ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ ሰምተናል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የምንለውም አይተን ነው። ዋና የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያየ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። መዋኘት የማይችል ሰው ከውሃ መራቁ ደግሞ ትክክል ነው።

ችግሩ ልጆቻችን የሚያድጉበት አገር ሌላ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውሃ አይቀርም። አፓርታማው ግቢ ፑል አለ፤ የጓደኛ ልደት ፑል ፓርቲ ነው፤ በጋ ሲመጣ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሐይቅ ዳር ይወስዳቸዋል። እናንተ ሴይሊንግ ብትከለክሉ ልጁ በሌላ በር ውሃ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን አሰልጣኝም ላይፍ ጃኬትም አጠገቡ ላይኖር ይችላል።

ቁጥሩን እንይ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 የሆኑ ጥቁር ልጆች ፑል ውስጥ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ከ7 እጥፍ በላይ ነው። የእኛም ልጆች በዚያ አገር የሚቆጠሩት እዚሁ ውስጥ ነው። በ2017 በአሜሪካ የዋና ፋውንዴሽን በኩል የወጣ ጥናት ደግሞ ወላጅ መዋኘት በማይችልበት ቤት ልጁ ዋና የመማር ዕድሉ 19 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል።

ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። ለልጆቻችን ያወረስናቸው ፍርሃቱን ብቻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ውሃ ላይ አያንሳፍፍም። ልጁ ራሱ «መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ሲመጣ ይህንን ውርስ ለመቁረጥ ጥሩ አጋጣሚ አገኛችሁ ማለት ነው።

ስፖርቱ ምን ይመስላል?

የማናውቀውን ነገር እንፈራለንና በአጭሩ ላስረዳ። በሃይስኩል ውድድር በብዛት የሚያገለግለው 420 የሚባል ጀልባ ነው። ስሙ ከርዝመቱ የመጣ ነው፤ 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ልጆች ይሳፈሩበታል። አንደኛው መሪውንና ትልቁን ሸራ ይይዛል፤ ሁለተኛው የፊተኛውን ትንሽ ሸራ እየሳበና በሰውነቱ ክብደት ጀልባውን ሚዛን እያስያዘ ይሠራል። ውድድሩ ጡንቻን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ነፋስ ማንበብ፣ ቶሎ መወሰንና ከጓደኛ ጋር ተግባብቶ መሥራት ያስፈልጋል። ሴትና ወንድ አንድ ጀልባ ላይ እኩል ይወዳደራሉ።

ጀልባው ይገለበጣል። ይህንን አልደብቃችሁም። በዚህ ስፖርት መገልበጥ እንደ ኳስ ተጫዋች መውደቅ ነው፤ ልጆቹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የተገለበጠ ጀልባ አቅንቶ መውጣትን ይለማመዳሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ይገለበጣል ወይ?» አይደለም። «ሲገለበጥ ልጄ ምን ያውቃል? ምን ለብሷል? ማን አጠገቡ አለ?» ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንሂድ።

1ኛ፦ መጀመሪያ ዋና

ሴይሊንግ ከመመዝገቡ በፊት ልጁ መዋኘት አለበት። «ትንሽ ትንሽ ይችላል» የሚለውን አልቀበልም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የሚጠቀምበት ቀላል መመዘኛ አለ፤ ልጃችሁ የዋና አሰልጣኝ ባለበት አምስቱንም ያለ ዕረፍት በተከታታይ ሲሠራ በዓይናችሁ እዩ፦

— ከቁመቱ በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ መውጣት፤
— ለ1 ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባለበት ራሱን ከውሃ በላይ ማቆየት፤
— ዞሮ መውጫውን መፈለግ፤
— ወደ መውጫው 25 ያርድ (23 ሜትር ገደማ) መዋኘት፤
— ያለ መሰላል ከፑሉ መውጣት።

ይህንን ካልቻለ ወቅቱ ይለፈው። ክረምቱን ዋና ተምሮ በሚቀጥለው ይግባ። ልጁ በጣም ከፈለገው ከዚህ የተሻለ ማበረታቻ አታገኙለትም። እናንተም ብትችሉ አብራችሁ ተመዝገቡ፤ በ45 ዓመት ዋና መማር አያሳፍርም።

2ኛ፦ ላይፍ ጃኬት፣ ያለ ድርድር

የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ (ኮስት ጋርድ) ስለ 2023 ባወጣው መረጃ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት ውስጥ 87 በመቶዎቹ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጃኬቱ በኮስት ጋርድ የጸደቀና ለልጁ ክብደት የሚሆን መሆን አለበት። «እያደገ ነው» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ፤ ሰፊ ጃኬት ውሃ ውስጥ በአንገቱ ይወልቃል። አስራችሁለት ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን ካለፈ ልኩ አይደለም።

ጎበዝ ዋናተኛም ይልበስ። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም በቅዝቃዜ የደነዘዘ ልጅ ዋናው አይረዳውም።

3ኛ፦ ቅዝቃዜ

የእኛ ሰው የሚያስበው ስለ ጥልቀት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቅዝቃዜው ነው። የስፕሪንግ ልምምድ በሚጀመርበት በማርች ወር ፖቶማክ ወንዝ ላይ ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሊሞቅ ይችላል፤ ውሃው ግን ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (60 ፋራናይት ገደማ) በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳያስበው ውሃ ሊስብ ይችላል።

ሐኪሞች ለማስታወስ «1-10-1» እንላለን። የመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሽን የማረጋጊያ ናት። ቀጣዮቹ 10 ደቂቃዎች እጅና እግር የሚታዘዙባቸው ናቸው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰው በሰውነት ሙቀት መውረድ ምክንያት ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ላይፍ ጃኬት የለበሰ ልጅ ይህንን ጊዜ ያገኛል፤ ያልለበሰ ግን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ልብሱን እንደ ትርፍ ወጪ አትዩት። ወፍራሙ የዋና ልብስ (ዌትሱት) ወይም ውሃ የማያስገባው (ድራይሱት) መቼ ግዴታ እንደሆነ አሰልጣኙን ጠይቁ። ጥጥ ቲሸርትና ጂንስ ውሃ ላይ አይጠቅሙም።

4ኛ፦ የጤና ቅጹን ልጁ ለብቻው አይሙላው

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም አጥብቄ ነው የምለምናችሁ። ስፖርት ከመጀመሩ በፊት የሚሞላ የጤና ቅጽ አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የሚሞላው ልጁ ራሱ ነው፤ እንግሊዝኛው ለእሱ ይቀላልና። እሱ ደግሞ ቲሙ ውስጥ መግባት ስለሚፈልግ ሁሉንም «የለብኝም» ብሎ ያልፋል። ወላጅ ይፈርማል፤ አለቀ።

ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ግን ሕይወት የሚያድኑ ናቸው።

«ስፖርት ስትሠራ ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ሲሮጥ ወይም ሲዋኝ ራሱን የሳተ ልጅ ልቡ ሳይመረመር ውሃ ላይ መውጣት የለበትም። ሎንግ ኪው ቲ የሚባል የልብ ምት ችግር አለ፤ ዋና ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

«ከቤተሰብ ከ50 ዓመት በፊት ድንገት የሞተ አለ?» እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሞት ብዙ ጊዜ «መጋኛ መታው» ተብሎ ይታለፋል። አገር ቤት የሞተውን ወጣት አጎት ልጁ አያውቀውም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለሐኪሙ ንገሩ።

የሚጥል ሕመም ደግሞ በእኛ ማኅበረሰብ ይደበቃል። ስም ይወጣበታል፤ ኋላ ትዳር ያበላሻል ተብሎ ይፈራል። ነገር ግን ውሃ ላይ ሳለ የሚጥለው ልጅ የመስጠም አደጋው ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሕመሙ አለ ማለት ስፖርት የለም ማለት አይደለም። በመድኃኒት በደንብ የተቆጣጠረ ልጅ ሐኪሙ ፈቅዶ፣ አሰልጣኙ አውቆ ሊሳተፍ የሚችልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። መደበቅ ግን አይሆንም። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

በልጅነቱ አገር ቤት ሳለ ቶንሲል እየደጋገመው ልቡን የታመመ ልጅስ? ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት፣ በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ወይም የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ልጅ ካላችሁ የልብ ሐኪሙ ሳይወስን አትፈርሙ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጭንቅላቱ ቢመታ በጣም አደገኛ ነው።

አስም ያለበት ልጅ ሊሳተፍ ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ግን የሚሳበው መድኃኒት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ አብሮት ይሁን፤ አሰልጣኙም ይወቅ።

ቅጹ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

5ኛ፦ ጭንቅላት

ትልቁን ሸራ ከሥር የሚይዘው ቡም የሚባል አግዳሚ ዘንግ አለ። ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር ቡሙ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በፍጥነት ይወረወራል፤ ዝቅ ያላለን ልጅ ጭንቅላቱን ይመታል። በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ኮንከሽን የተጠረጠረበት ተማሪ ከጨዋታ እንዲወጣና ያለ ባለሙያ ፈቃድ እንዳይመለስ የሚያዝ ሕግ አለ። ልጁ «ደህና ነኝ» ቢልም አታስቸኩሉት።

ከተመታ በኋላ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከጣለው፣ ንግግሩ ከተወላገደ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ካንቀጠቀጠው 911 ደውሉ። «ተኝቶ ይነሣ» አይባልም። የመከላከያ ቆብ ማድረግ ይችል እንደሆነም አሰልጣኙን ጠይቁ።

6ኛ፦ ጾምና ምግብ

ዐቢይ ጾም ከስፕሪንግ ውድድር ወቅት ጋር ይገጥማል። ረመዳንም የሚገጥምባቸው ዓመታት አሉ። ልምምዱ ደግሞ ከትምህርት በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህልም ውሃም ያልቀመሰ ልጅ ቀዝቃዛ ነፋስ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ድካምና ማዞር ይመጣበታል፤ ውሳኔውም ይዘገያል። ልጁን ጾም ወይስ ስፖርት ብላችሁ አታፋጡት። ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የልምምድ ቀን እንዴት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ወስኑ። የጾም ምግብ የሚበላ ልጅ ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝና ሙዝ ከልምምድ በፊት ቢያገኝ በቂ ኃይል አለው። ውሃ አይርሳ። ለፊቱና ለአንገቱ ሰንስክሪን ይቀባ፤ ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል፤ ውሃው ደግሞ ፀሐዩን መልሶ ያንጸባርቃል።

ሌላው የምግብ ጉዳይ ክብደት ነው። ነፋስ ሲደክም ቀለል ያሉ ልጆች ያሉበት ጀልባ ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት ራት የሚዘል ልጅ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ከበድ ያለው ነው የሚጠቅመው፤ ስለዚህ መራብ ለውድድሩም አይረዳም። ሴት ልጃችሁ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ትታይ። የወር አበባ ላይ ስለሆነች ብቻ ግን ከውሃ አትከልክሏት፤ የሕክምና ምክንያት የለውም።

ስለ ስኮላርሺፕ አንድ ነገር

አንዳንድ ወላጅ ሲፈቅድ ሒሳብ ይሠራል፦ «ኮሌጅ በነጻ ይማርበታል» ብሎ። በአሜሪካ የኮሌጅ ሴይሊንግን የሚመራው ማኅበር በስፖርቱ ስኮላርሺፕ መስጠትን ለረጅም ጊዜ ሲከለክል የቆየ ነው። ይህንን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ልጁ ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አትጫኑበት። ይህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ልምምዱ፣ የቤት ሥራውና የቅዳሜው ውድድር ተደምረው እንቅልፉን ከወሰዱበት ልምምዱን ቀንሱለት።

ወጪውም ያሳስባል፤ አውቃለሁ። ያገለገለ ዕቃ ጠይቁ፤ የክፍያ ድጋፍ ካለ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጁ ቲም ከመግባቱ በፊት መሞከር ከፈለገም እንደ ዲሲ ሴይል ያሉ ለማኅበረሰቡ የሚያስተምሩ ድርጅቶች አሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁ

— ልጆቹ ውሃ ላይ ሲሆኑ ሞተር ያለው የአሰልጣኝ ጀልባ ሁልጊዜ አጠገባቸው አለ? ስንት?
— የመጀመሪያ ዕርዳታና የልብ ማነቃቂያ (ሲፒአር) ሥልጠና ያለው ማን ነው?
— ነጎድጓድ ሲሰማ ምን ታደርጋላችሁ? (ወዲያው ከውሃ መውጣትና ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለባቸው።)
— ውሃው በምን ያህል ሲቀዘቅዝ ልምምድ ይሰረዛል?
— የዋና ፈተና ትሰጣላችሁ?

በግልጽ የሚመልስ አሰልጣኝ ካገኛችሁ ፈርሙ። የሚሸሽ ከሆነ «አይሆንም» የማለት ሙሉ መብት አላችሁ፤ ያን ጊዜ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

አገር ቤት ላላችሁ

የሃይስኩል ሴይሊንግ ቲም እዚህ የለንም። ውሃ ግን አለን። ለዕረፍት ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ስትሄዱ፣ ጣና ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ ከላይ ያልኳቸው ሁለቱ ይሠራሉ፦ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ጠይቃችሁ ልበሱ፤ ለልጆች አስቀድማችሁ ልብሱላቸው። ሆቴል ፑል አጠገብ ልጅን ለታላቁ ልጅ አደራ ሰጥታችሁ አትሂዱ። አቅም ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ።

ለልጃችሁ «አይሆንም» ማለት አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ዋና ማስተማር፣ ቅጹን አብሮ መሙላት፣ አሰልጣኙን መጠየቅ ሳምንታት ይወስዳል። ልጁን የሚጠብቀው ይኸኛው ድካም ነው።

ለሚያስፈልገው ወላጅ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የልጃችሁን ስምና የግል የጤና መረጃ ግን በአደባባይ አትጻፉ።

ጤናችሁ ይብዛ!